የቀትር መርዶ

አብዱሽኩር በየዓርቡ ስለ እናታቸው አዲስ ወሬ ይዞ እህቱን ይጠብቃታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ» ይላል ስልኩን ገና እንዳነሳ። «ባቲ ገበያ ካልሄድኩ ብላ ቤቱን አመሰችው። ጉልበትሽስ ብላት፣ ከአንተ ጉልበት የኔ ይሻላል አለችኝ።»

ረምዚያ ትስቃለች። ሳዑዲ አረቢያ፣ ኾባር ከተማ ባለው የአሠሪዎቿ ቪላ፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። «ታዲያ ወሰድካት?»

«በባጃጅ። መንገዱን ሙሉ ባለባጃጁን ስትቆጣው ነው የሄደችው። ቀስ በል፣ ድንች የጫንክ መሰለህ እንዴ እያለች።»

«አሁንስ የት ናት?»

«አሁንማ...» ይላል አብዱሽኩር። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፁ ይዘገያል። «አሁንማ ተኝታለች። ደክሟት።»

እናታቸው ስልክ ሲደወል ወይ ተኝታ ናት፣ ወይ ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች፣ ወይ ሶላት ላይ ናት። አትገኝም እንጂ ሌላው ነገር ሁሉ ሞልቶላታል። ላሟ ወልዳላታለች። ጎረቤት ሠርግ ሄዳ ጨፍራለች። ጥርስም አስተክላለች። አብዱሽኩር ኮምቦልቻ ድረስ ወስዶ አስተከለላትና ከዚያ ወዲህ የተጠበሰ በቆሎ ካልጋጥኩ እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። ረምዚያ ከቤት ስትወጣ እናቷ ድዷ ባዶ ነበር። አሁን በቆሎ ትግጣለች።

ረምዚያ እናቷ እንደሞተች ታውቃለች።

የነገራት ሰው የለም። ያወቀችው በመደቡ ነው። አንድ ቀን አብዱሽኩር በቪዲዮ እያናገራት ስልኩ ከእጁ ሸርተት አለና ከጀርባው ያለው ግድግዳ ታያት። ግድግዳው ሥር እናታቸው ዕድሜዋን ሙሉ የተኛችበት የጭቃ መደብ አለ። ረምዚያ የላከችው ቀይ ብርድ ልብስ መደቡ ላይ አልነበረም። የማሽላ ጆንያ ተደራርቦበታል። እናቷ በሕይወት እያለች በዚያ መደብ ላይ ጆንያ የሚቆልል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። አብዱሽኩር ዐይኗ የት እንዳረፈ አይቶ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረው። ከዚያ ወዲህ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል።

እንዲህ ማድረጋቸው ከክፋት አይደለም። በአገራቸው ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰዎች ይሰባሰባሉ፤ ሰው የሞተባት ሴት ከቤቷ ሳትወጣ፣ ሥራ ሳትጀምር፣ ገና ሳይነጋ ይገቡባታል። የምትወድቅበትን ቦታ አስቀድመው ያያሉ። ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይናገራል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ለብቻዋ ላለች ልጅ ይህን ማን ያደርግላታል? ስለዚህ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ ይደበቃል። ስንቱ እንዲህ ተደብቆበታል።

ረምዚያም አውቃለሁ ብላ መናገር አልቻለችም። ብትናገር አብዱሽኩር ስንት ዓርብ ሙሉ፣ መሞቷን ለምታውቅ እህቱ እናቱን ሲያስጨፍር እንደኖረ ይረዳል፤ ያፍራል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን ልታየው ትፈራለች። እናቴ እንዴት ናት ብላ መጠየቅ ካቆመች እሱም መናገሩን ያቆማል። ያን ጊዜ ባለባጃጁን የተቆጣችው፣ በቆሎ የጋጠችው ሴትዮም ትሞታለች። አንዷን እናት ሳታለቅስላት ሁለተኛዋን እንዴት ትቅበር?

መርዶ ያልተረዳ ሰው ደግሞ አያለቅስም። አላህ ያጽናሽ የሚላት የለም። ለቅሶ የሚቀመጥላት የለም። እንባው እንደ ድንጋይ ሆኖ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ። የአሠሪዋን የማዳምን አባያ ስትተኩስ ጢሱ እስኪያፍናት ድረስ ካውያውን አላነሳችውም። ሻይ ላይ ጨው አደረገች። መጋዘኑ ውስጥ ሩዝ ልታመጣ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ ተገኘች። አንድ ቀን የቤቱ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን እየጎተተች እናትሽ የት ናት ብላ በዐረብኛ ስትጠይቃት፣ «ገበያ ሄዳለች» ብላ መለሰችላት፤ ይህን ስትል አልዋሸችም። በዚያች ደቂቃ እናቷ እውነትም ባቲ ገበያ ነበረች። ወዲያው ራሷን ሰማችና አፏን በእጇ ያዘች።

ያን ሰሞን ትንሿን ልጅ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ ፎጣ ልታመጣ ወጣች። ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ፎጣውን ያዘች፣ እዚያው ቀረች። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ስትነቃ ውሃው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ እግሯን ነክቷል፤ ማዳም እየሮጠች ደረጃውን ትወጣለች። ልጅቱ ገንዳው ውስጥ በውሃው እየተጫወተች ትስቃለች። ማዳም ግን ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ አጣብቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ድምፅዋ ዝቅ ማለቱ ነው ረምዚያን ያስፈራት።

«አንድ ጊዜ ከደገምሽው ኸላስ። ወደ መክተብ እመልስሻለሁ።»

መክተብ የሚሉት ሠራተኛ የሚያስቀጥረውን ቢሮ ነው። ወደዚያ የተመለሰች ሴት ማን ቤት እንደምትወድቅ አታውቅም። ረምዚያን ግን የበለጠ ያስጨነቃት መክተቡ አልነበረም። ልጅቱ ብትሰጥም ኖሮ እሷ ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ ድረስ ረምዚያ ነፃ ናት። ማዳም የፈቀደችላት ዘይኔ አክስቷ ናት ተብሎ ነው። ዘይኔ በእርግጥ የእናቷ ያጎት ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር አንድ ምንጭ ወርዳ ያደገች። ዳማምንና ኾባርን በሚያገናኘው መንገድ ዳር፣ ራካ ውስጥ፣ ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በላይ ባለ ጠባብ ቤት ከባሏ ከጃፋር ጋር ትኖራለች። ጃፋር የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ነው። ዓርብ ትምህርት ስለሌለ ሚኒባሷ ባዶ ናት።

የዚያች ሚኒባስ ነገር በራካ የታወቀ ነው። ከዓመታት በፊት የዘይኔ አባት ሞተው መርዶው የደረሳት ቀን ዘይኔ እንደ አገሯ ጮኻ አለቀሰች። የሕንጻው ጠባቂ በሩን ሊሰብር ደረሰ፤ ባሏ የሚገድላት መስሎት። ጎረቤቶቹም ፖሊስ ሊጠሩ ስልክ አንሥተው ነበር። ጃፋር ሚስቱን ደግፎ አወረዳትና ሚኒባሷ ውስጥ አስቀመጣት። መስታወቱን ዘጋ፤ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ያዘ። ድምፅዋ እስኪጠፋ ነዳ። ከዚያ ወዲህ መርዶ የደረሰው ያገር ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው እዚያች ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሕፃናቱ በየመስታወቱ ተለጣፊ ፒኮክና ኳስ ለጥፈዋል። ሴቶቹ በነዚያ መሐል ደረታቸውን እየደቁ ይሄዳሉ። ጃፋርን ሃይማኖተኛ ጓደኞቹ ሲወቅሱት፣ ጩኸት አይፈቀድም፣ አንተ ደግሞ ትጭነዋለህ ሲሉት፣ መልሱ አንድ ነው።

«እኔ ሾፌር ነኝ። ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው።»

ረምዚያ በዚያች ሚኒባስ አንድ ጊዜ ሄዳለች። የቀመር ወንድም ሞቶ ነበር። ቀመር ኾባር ሸማሊያ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ የከሚሴ ልጅ ናት። ረምዚያ ወንድሟን አታውቀውም፤ ስሙንም የሰማችው ያን ቀን ነው። ያም ሆኖ ሚኒባሷ ከራካ ሳትወጣ መጮህ ጀመረች። ቀመር የራሷን ለቅሶ ትታ እሷን ያዘቻት። እየሩስ ውሃ ረጨችባት። እየሩስ ያዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን፤ ከረምዚያ ቪላ ሁለት መንገድ አልፎ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ከዘይኔ ቤት ዓርብ አትቀርም።

«ረምዙ፣ ሰውየው ወንድምሽ ነው እንዴ?» አለቻት ሲመለሱ። «ቀመር እኮ በአንቺ ለቅሶ ቀናችብሽ።»

ረምዚያ ያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተኝታለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓርቦች ወደ ራካ ስትሄድ በልቧ የምትመኘውን ነገር ለማንም አልተናገረችም፤ ለአላህም በሶላቷ ልትናዘዘው አፈረች። የሆነ ሰው ዘመዱ እንዲሞትበት ትመኝ ነበር። የማንም ቢሆን። ሚኒባሷ እንድትነሣ።

ማንም አልሞተም።

ገንዳው ሞልቶ በፈሰሰ በሳምንቱ ቡሽራ የሚባል የጃፋር ጓደኛ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነበር። እንደ ልማዱ ሁሉም ለቤተሰቡ ዕቃ ሰጠው። ዘይኔ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የረምዚያን ታሸጋለች። ለአብዱሽኩር ሸሚዝ፣ ለሚስቱ ሽቶና ሻርፕ፣ ለልጆቹ ካልሲና ከረሜላ። ዘይኔ ፌስታሉን ገልብጣ አራገፈችው፤ እጇን ከታች ሰደደች፤ አጣች።

ረምዚያ ሰው በሄደ ቁጥር ለእናቷ የጉልበት ቅባት ትልካለች። አረንጓዴ፣ ሲከፈት ቤቱን ሙሉ የሚሸት ቅባት። አንድም ጊዜ ረስታ አታውቅም።

«ቅባቷስ?» አለች ዘይኔ። ያለችው ሳታስበው ነው፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ምላሷን መንከስ ፈለገች።

ረምዚያ ካልሲውን ማጠፍ አላቆመችም። «ተሽሏታል እኮ፤ አብዱሽኩር ነግሮኛል። ባቲ ገበያ ሁሉ ትሄዳለች።»

«እሰይ» አለች ዘይኔ።

«ጥርስም አስተክላለች።»

«እሰይ። አልሐምዱሊላህ።»

ሁለቱም ቀና ብለው ተያዩ። ከእጥበት ቤቱ የሚወጣው እንፋሎት በመስኮቱ በኩል ሽቅብ ያልፋል። ዘይኔ እውነቱን የረምዚያ ዐይን ውስጥ አየችው፤ ረምዚያም የዘይኔ ዐይን ውስጥ አየችው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ካልሲው ተመለሱ። ዘይኔ ፌስታሉን በፕላስተር ደጋግማ አሸገችው፤ ከሚያስፈልገው በላይ።

ረምዚያ ከሄደች በኋላ ዘይኔ መኝታ ቤት ገባችና ቢጫውን ቀሚሷን አውልቃ ጥቁሩን ለበሰች። የረምዚያን እናት መርዶ ከሰማች ጀምራ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ነው የምትለብሰው። ዓርብ ዓርብ ረምዚያ ሳትመጣ ትቀይራለች። አብራት ያደገችውን ሴት በስርቆት ነው የምታዝንላት።

ስትወጣ እየሩስና ጃፋር ሳሎን ተቀምጠዋል። «ታውቃለች» አለች።

«ማን ነገራት?» አለ ጃፋር።

«ማንም። ቅባት አልላከችም።»

እየሩስ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ንገሯት ብዬ ስጮህ የሰማኝ የለም። እኔን ቦሌ ላይ ጥቁር ለብሰው ነው የተቀበሉኝ። ለአባቴ የገዛሁትን ሸሚዝ እያሳየኋቸው። ማንም ለምን ጥቁር ለበሳችሁ እንድል እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።»

«የመርዶው ባለቤት ወንድሟ ነው» አለ ጃፋር። «ደውዬለት ነበር ባለፈው። አደራ፣ ኮንትራቷን ትጨርስ ብሎ አለቀሰብኝ። አደራ ይበላል?»

«በዚያ ላይ ነግረናት ቅዳሜ ብቻዋን እዚያ ቤት ብትወድቅ ማን ይይዛታል?» አለች ዘይኔ። የምትከራከረው ከራሷ ጋር ነበር።

«አሁንስ ማን ይዟታል?» አለች እየሩስ። «ልጅቱን ገንዳ ውስጥ ረስታ ቆማ ነበር እኮ። ለኔ ነግራኛለች። የሚቀጥለው ገንዳ ሙሉ ውሃ ላይሆን ይችላል፤ ከፎቅ መውደቅ ሊሆን ይችላል። የራሷ።»

ጃፋር ጢሙን እያሻሸ ወለሉን አየ። «ከጮኸች ደግሞ...» ብሎ ጀመረ፤ «በእኛ ሃይማኖት ጩኸቱ...»

«ዝም ብላ ብታብድስ ይፈቀዳል?» አለች ዘይኔ።

ጃፋር ተነሥቶ ሚኒባሷን ሊያጥብ ወረደ።

በሚቀጥለው ዓርብ ረምዚያ በሩን ስታንኳኳ የከፈተችላት ዘይኔ ጥቁር ለብሳ ነበር።

ቤቱ ጨልሟል። ውጭ ቀትር ነው፤ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ እነሱ ግን መጋረጃውን ዘግተው፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ደፍነዋል። መርዶ ሳይነጋ ነው የሚነገረው። ረምዚያ የምትወጣው ቀትር ላይ ስለሆነ ቀትሩን ንጋት አደረጉላት። ግድግዳው ሥር እየሩስና ቀመር ተቀምጠዋል፤ በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው። የሚበላ ነገር የለም። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ጠፋሽ የሚል ጨዋታ የለም። ጃፋር በሩ አጠገብ ነጭ ቆቡን ደፍቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ረምዚያ ገብታ ክፍቱ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን እንዴት እንዳወለቀች አላወቀችም።

«ረምዚያ ልጄ» አለ ጃፋር።

«አቤት ጋሼ።»

«ሁላችንም የመጣነው ከአላህ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«የምንመለሰውም ወደ እሱ ነው።» «እናትሽ ከረመዳን በፊት ነበር... ታመው ብዙም አልቆዩም። አላህ ወስዷቸዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።»

እየሩስና ቀመር ክንዷን ያዙ። ዘይኔ ከፊቷ ተንበረከከች። ሁሉም የሚወድቅ ሰው ጠበቁ።

ረምዚያ አልወደቀችም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ የሰቀሉትን ብርድ ልብስ አየችው። በአንዱ ጥግ በኩል ቀጭን የፀሐይ ክር ገብቷል።

«ብዙ ተሠቃየች?» አለች።

«የለም ልጄ፣ የለም» አለች ዘይኔ።

«እሺ» አለች ረምዚያ።

እየሩስ ደነገጠች። የያዘችው ክንድ እንጨት ነበር። ረምዚያ ይህን ሁሉ ወር የጠበቀችው ነገር መጣ፤ ሲመጣ በውስጧ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ረምዚያ ራሷም ፈራች። እንግዲህ ተነግሮኝም ካላለቀስኩ ምን ቀረኝ ብላ አሰበች። ከዚህ በኋላ የሚሆን ነገር የለም።

«ተነሡ» አለ ጃፋር።

ወደ ሚኒባሷ ወረዱ። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ጃፋር ማቀዝቀዣውን ከፍ አደረገ፤ ከባሕር የሚመጣው ርጥብ አየር መስታወቱን ከውጭ አላበው፤ ከፒኮኮቹና ከኳሶቹ በቀር የሚታይ ነገር የለም። የሕፃናቱ ወንበሮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ሴቶቹ ጉልበታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንዱ ወንበር ሥር የተረሳ የሕፃን ኮፍያ ወድቋል። ቤቶቹ አለቁ፤ መንገዱ ባዶ አሸዋ መሐል ገባ። ረምዚያ ዝም ብላለች።

መጀመሪያ ድምፅ ያወጣችው እየሩስ ናት። ለረምዚያ እናት አልነበረም።

«ሸሚዝ ገዝቼለት በሻንጣ ይዤ፣
አፈር ለብሶ አገኘሁት ቦሌ ላይ ፈዝዤ።»

አባቷ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ድምፅዋ ግን ትናንት እንደሰማች ነው። ቀመር ወንድሜ አለች፤ ስሙን ብቻ ደጋግማ። ዘይኔ ጥቁር ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። በየዓርቡ ከቢጫው ቀሚስ ሥር የደበቀችው ሁሉ ወጣ።

«እንስራሽን ሞልተሽ ቀድመሽኝ ወጣሽ፣
ዳገቱን ጨርሼ ብጣራ አጣሁሽ።»

ረምዚያ አንገቷን ወደ ዘይኔ አዞረች። ዘይኔ የእናቷን የልጅነት ስም እየጠራች ነበር፤ ረምዚያ ሰምታው የማታውቀውን፤ እናት ከመሆኗ በፊት የነበረውን ስም። የምታዝነው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ያን ጊዜ ነው የገባት። ይቺ ሴትዮም ዓርብ ዓርብ ሻይ ስትቀዳላት ፊቷን የምታዞረው ለካ በዚህ ነበር።

«እትዬ ዘይኔ» አለች።

ዘይኔ አቆመች። «ወይ ልጄ።»

«ጥርሱስ?»

«የምን ጥርስ?»

«ያስተከለችው። ኮምቦልቻ ወስጃት አስተከልኩላት ብሎኛል አብዱሽኩር። እሱስ?»

ዘይኔ እየሩስን አየች፤ እየሩስ ዐይኗን ሰበረች። ጃፋር እንኳ ጆሮው መንገዱን ለቆ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«አላስተከለችም ልጄ» አለች ዘይኔ። «ያን ጊዜ... አልነበረችም።»

«በቆሎ ትግጥ ነበር እኮ» አለች ረምዚያ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «እኔ እኮ ስትግጥ አይቻታለሁ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ አይቻታለሁ።»

ከዚያ አፏ ተከፈተ፤ ድምፁ ሲወጣ ጃፋር መሪውን አጥብቆ ያዘ። ሴቶቹ ተረባረቡባት። እየሩስ ከበስተጀርባ አቀፈቻት፤ ቀመር እጆቿን ፊቷን እንዳትቧጭር ያዘቻት፤ ዘይኔ ራሷን ደረቷ ላይ ወሰደችው። አራቱም አንድ ላይ ይነቃነቁ ነበር። የማን እንባ የማን እጅ ላይ እንደሚወርድ አይታወቅም። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ጃፋር አልቆመም፤ ዞሮ ያንኑ መንገድ መልሶ ያዘ፤ እንደገና ዞረ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆሙ። ጃፋር በረዶ ያለበትን የውሃ ሣጥን አወረደና ፊቱን አዙሮ ቆመ። እየሩስ ሻርፗን በበረዶው ውሃ እየነከረች የረምዚያን ዐይን ያዘችላት።

«እንዲህ ሆነሽ ብትገቢ ማዳም ንብ ነድፏት ነው ትላለች» አለች።

ረምዚያ የሳቀች መሰላት፤ ያደረገችው ግን ሌላ ነው። «ነገ ቅዳሜ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ነገ ብቻዬን ነኝ።»

እየሩስ የምትዋሽበት ነገር አላገኘችም። «ነሽ» አለቻት። «ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ በናንተ በር በኩል አልፋለሁ። ግቢ ማለት አትችዪም፤ መስኮቱ ጋ ቁሚ ብቻ። እንተያይ።»

ማዳም በሩን ስትከፍት ፊቷን አይታ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ያበጠውን ዐይኗን አየች፤ ልጇ ወዳለችበት ወደ ሳሎኑም አየች። «ምን ሆንሽ? ሙሽኪላ? ችግር አለ?»

«እናቴ ሞተች» አለች ረምዚያ በዐረብኛ።

ማዳም እጇን አፏ ላይ አደረገች። «መቼ?»

ረምዚያ ጥቂት አሰበች። «ዛሬ» አለች።

ያን ምሽት ሳህኑን ማዳም ራሷ አጠበችው። በማግሥቱ ሥራው እንደ ወትሮው ነበር፤ ምንጣፉ፣ ኩሽናው፣ ተራራ የሚያህል ልብስ። ጠዋት ላይ ረምዚያ መስኮቱ ጋ ቆመች። እየሩስ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታሏን እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጋ አሳይታት አለፈች። ረምዚያ ተመልሳ ብቻዋን አለቀሰች። ቢያንስ አሁን የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ትንሿን ልጅ ስታጥብ ፎጣውን ቀድማ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እጇንም ከልጅቱ ላይ አላነሳችም፤ ገላዋን ታጥባ እስክትጨርስ ድረስ የልጅቱን ስም ጮክ ብላ ትጠራ ነበር፣ ራሷ እንዳትጠፋ።

ወደ ወንድሟ የደወለችው በሚቀጥለው ዓርብ፣ ራካ ሳትሄድ በፊት ነው። ባልዲው ላይ ተቀመጠች። የማጠቢያ ማሽኑን አስነሣች፣ ድምፅ እንዲሸፍንላት።

«ዛሬ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ...» አለ አብዱሽኩር ገና እንዳነሳ።

«አብዱሽኩር።»

«እቴ?»

«ተረድቻለሁ።»

ማሽኑ ውሃ ይስባል። በወዲያኛው በኩል ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ የሰማችው የወንድሟ ድምፅ የአርባ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም። ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም። አልቅስ አላለችውም፣ ዝም በልም አላለችው። ቀብሩ ላይ እንኳ እንዳላለቀሰ ያን ጊዜ ገባት፤ ድምፁ ተዘግቶ በስልክ እንዳትነቃበት ሲል።

«አልቀበርኳትም ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «በየዓርቡ አስነሣታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እንቅልፍ የለኝም፤ ነገ ደግሞ የት ልላካት እያልኩ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ምን እነግርሻለሁ? ስትደውዪ ምን ልበልሽ?»

«የእውነቱን» አለች ረምዚያ። «መጨረሻዋን ንገረኝ።»

ሲተነፍስ ይሰማታል።

«ጥርስ አልነበራትም» አለ። «እስከ መጨረሻው ቀን። ቂጣውን በወተት እያራስኩ በጣቴ ነበር የማጎርሳት።»

ረምዚያ ዐይኗን ጨፈነች። ማሽኑ መሽከርከር ጀመረ፤ ባልዲው ከሥሯ ይንቀጠቀጣል።

«ቀጥል» አለችው።